ዳውንሪገር ትንሽ ጀልባ ላይ አገጣጠም፦ ከቦታ መረጣ እስከ መጀመሪያው ሙከራ

"ዳውንሪገሩ ጀልባው ጠርዝ ላይ በአራት ቪቴ አይያዝም እንዴ?" ይህን ጥያቄ በተለያየ አነጋገር ደጋግሜ እመልሳለሁ። የአንዱ ጀልባ አሉሚኒየም ነው፣ የሌላው ፋይበርግላስ፣ የሦስተኛው ጠርዙ ላይ እንጨት አለው። መልሱ ግን ለሁሉም አንድ ነው፤ አይያዝም። የተያዘ የሚመስለው መሣሪያው የሚያወርደው ክብደት ውሃው ግርጌ ላይ ካለ ግንድ ወይም ድንጋይ ጋር እስኪያያዝ ድረስ ብቻ ነው። ስለዚህ አሠራሩን አንዴ በደንብ ልጻፈውና እንገላገል።

ለአዲስ ሰው በአጭሩ፦ ዳውንሪገር ማጥመጃችሁን ወደ ጥልቅ ውሃ የሚያወርድ መሣሪያ ነው። ከበሮ፣ ክንድ፣ ክንዱ ጫፍ ላይ ፑሌጃ፣ የሽቦ ገመድ፣ እና ገመዱ ላይ የሚንጠለጠል ከባድ ብረት ወይም እርሳስ አለው። የዘንጋችሁ ክር ከክብደቱ ጋር በመቆንጠጫ ይያዛል። ዓሣው ሲነክስ ክሩ ከመቆንጠጫው ያመልጣል፤ እናንተም ክብደቱን ሳይሆን ዓሣውን ብቻ ትጎትታላችሁ።

መመሪያው በእጅ ለሚዞረው ዓይነት ነው። ለትንሽ ጀልባ የምመክረውም እሱን ነው፤ ክንዱ አጭር ነው (60 ሳ.ሜ አካባቢ)፣ ባትሪም አይፈልግም። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ለገዛችሁ ደረጃ 8 ላይ የተወሰነ ነገር አለ።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- ዳውንሪገሩ ከነመቀመጫው፤ ቢቻል የሚሽከረከር መቀመጫ
- 4 ስቴንለስ ቡሎን፣ 316 የሚባለው ዓይነት። ውፍረቱ የመቀመጫው ቀዳዳ የሚቀበለውን ያህል ይሁን፤ ብዙውን ጊዜ 6 ሚ.ሜ ነው
- 4 ውስጡ ናይሎን ያለው ስቴንለስ ዳዶ፣ 4 ሰፋፊ ሮንዴላ
- ለጀርባ ሳህን (ከጠርዙ ሥር ሆኖ ቡሎኖቹ የሚያልፉበት ሰሌዳ)፦ 6 ሚ.ሜ የአሉሚኒየም ሳህን፣ ወይም 12 ሚ.ሜ ውሃ የሚቋቋም ኮምፔንሳቶ
- ለጀልባ የተሠራ ፖሊዩሬቴን ማስቲሽ
- ድሪል፣ የ3 ሚ.ሜ እና የ6.5 ሚ.ሜ ፑንታ፣ የቀዳዳ አፍ ማስፊያ ፑንታ
- የወረቀት ፕላስተር፣ ማርከር፣ ሜትር፣ ሞረድ
- ሁለት ቁልፍ፣ አልኮል፣ ንጹሕ ጨርቅ፣ የዓይን መነጽር፣ ጓንት
- የሽቦ ገመድ የሚቆርጥ ፒንሳ

የመጨረሻው ለገጠማው ሥራ አይደለም። ውሃ ላይ አጠገባችሁ የሚቀመጥ ነው። ለምን እንደሆነ ወደ መጨረሻው ታያላችሁ። ዳውንሪገሩን በገዛችሁበት ቀን አብራችሁ ግዙት፤ "ሌላ ጊዜ" ከተባለ አይገዛም።

ደረጃ 1፦ ቦታውን ምረጡ

ከሥራው ሁሉ ብዙ ጊዜ መውሰድ ያለበት ይሄ ነው። ቀዳዳ ከተበሳ በኋላ ሐሳብ መቀየር አይቻልም።

ጀልባው ውስጥ ግቡ፤ ሁልጊዜ የምትቀመጡበት ቦታ ተቀመጡ። ዳውንሪገሩን ጠርዙ ላይ አስቀምጡና አንድ ሰው ይያዝላችሁ። ክንዱን ወደ ውጭ አዙሩት። አሁን ከመቀመጫችሁ ሳትነሱ ክብደቱ የሚንጠለጠልበትን ገመድ ወደ ራሳችሁ መሳብ ትችላላችሁ? ካልቻላችሁ ቦታው አይሆንም። በቀን ሠላሳ ጊዜ የምትሠሩት ሥራ ነው። ትንሽ ጀልባ ላይ ቆሞ ወደ ውጭ መንጠራራት ደግሞ ውሃ ውስጥ ለመውደቅ አቋራጩ መንገድ ነው።

ቀጥሎ ሞተሩ። ጀልባው ሲሄድ ገመዱ ቀጥ ብሎ አይወርድም፤ ወደ ኋላ ያጋድላል። ስትታጠፉ ደግሞ ወደምትታጠፉበት ጎን ይሳባል። ዳውንሪገሩ ግራ በኩል ከሆነና በድንገት ወደ ቀኝ ከታጠፋችሁ፣ ገመዱ ወደ ሞተሩ ማራገቢያ ይጠጋል። ስለዚህ የኋላው ጥግ ላይ አትስቀሉት። ከኋላው ግድግዳ ከ50 ሳ.ሜ እስከ 1 ሜትር ወደፊት መጥቶ፣ ክንዱ ወደ ጎን ቀጥ ብሎ ሲዘረጋ ለአብዛኛው ትንሽ ጀልባ ይስማማል።

ሚዛኑንም አስቡ። ብቻችሁን የምትወጡ ከሆነ እናንተና ዳውንሪገሩ አንድ ጎን ላይ ናችሁ ማለት ነው። ባትሪውን ወይም የነዳጅ ታንኩን ወደ ሌላው ጎን አዛውሩ።

እኔ የምጠቀምባት ዘዴ አለች። የመቀመጫውን ልክ ካርቶን ቁረጡና ያሰባችሁበት ቦታ ላይ በፕላስተር ለጥፉ። ከዚያ አንድ ቀን ሙሉ እንደወትሮው ዓሣ አጥምዱ። ማታ ካርቶኑን እዩት። ክርናችሁ፣ መቅዘፊያው ወይም የማሰሪያው ገመድ ጨማድዶት ከተመለሰ ቦታው ሌላ ነው። የእኔ የመጀመሪያው ካርቶን ግማሹ ተቀዶ ነው የመጣ፤ መቅዘፊያው በተነሳ ቁጥር ይመታው ነበር።

ደረጃ 2፦ ከሥሩ ምን እንዳለ እዩ

እጃችሁን ጠርዙ ሥር አስገቡና ዳብሱ። በስልክ መብራት እዩ። የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ የነዳጅ ቱቦ፣ መንሳፈፊያ ፎም ሊኖር ይችላል። ቁልፍ ይዞ የሚገባ እጅ ቦታ ማግኘት አለበት፤ ዳዶውን የምታስሩት ከዚያ ነው። እጅ የማይገባበት ቦታ ከሆነ ወደ ደረጃ 1 ተመለሱ።

አሉሚኒየም ጀልባ ላይ ሁለቱ ላሜራዎች የተጋጠሙበትን መስመርና የሪቬት ረድፉን ራቁ። ከውሃ መስመር በታች ደግሞ ለዚህ ሥራ ምንም ቀዳዳ አይበሳም።

ደረጃ 3፦ የጀርባ ሳህን አዘጋጁ

የጥያቄው ሁሉ መልስ ያለው እዚህ ነው።

ብዙ ሰው የሚያስበው "ክብደቱ አራት ኪሎ ነው፤ አራት ኪሎ ምን ያደርጋል?" ብሎ ነው። ሒሳቡ ግን በአራት ኪሎ አይሠራም። ክብደቱ ግንድ ነክሶ ጀልባው መሄዱን ሲቀጥል፣ ገመዱ እስኪበጠስ ድረስ ይጎትታል። የተለመደው የዳውንሪገር ሽቦ 68 ኪሎ ያህል ይሸከማል። ክንዱ 60 ሳ.ሜ ነው። በመቀመጫው ላይ በውስጠኞቹና በውጨኞቹ ቡሎኖች መካከል ያለው ርቀት 10 ሳ.ሜ ነው እንበል። 68 በ60 ተባዝቶ ለ10 ሲካፈል 408 ይመጣል። ማለትም ሁለቱ የውስጥ ቡሎኖች በድምሩ 400 ኪሎ ገደማ በሚሆን ኃይል ወደ ላይ ይነቀላሉ። ክንዱ እንደ ዲጂኖ ነው የሚሠራው።

ቪቴ ይህን አይችልም። ቡሎኑ ራሱ አይበጠስም፤ ግን ከሥሩ ያለው 2 ሚ.ሜ ላሜራ እንደ ቆርቆሮ ተጣጥፎ ቡሎኑን ከነሮንዴላው ያሳልፈዋል። የጀርባ ሳህን ኃይሉን በአራት ትንንሽ ነጥቦች ፈንታ በሰፊ ቦታ ላይ ይበትነዋል።

ሳህኑን ከመቀመጫው በየጎኑ ቢያንስ 3 ሳ.ሜ አስበልጣችሁ ቁረጡ። ማዕዘኖቹን በሞረድ አክብቡ፤ ሹል ማዕዘን ላሜራውን ይሰነጥቃል፣ እጃችሁንም ይቆርጣል። ኮምፔንሳቶ ከሆነ ዙሪያውንም ቀዳዳውንም ጭምር ኢፖክሲ (ሁለት ፈሳሽ ተቀላቅሎ የሚጠነክር ማጣበቂያ) ቀቡት፤ አለበለዚያ ውሃ ጠጥቶ ይለሰልሳል፣ ያጠበቃችሁትም ይላላል።

ማስጠንቀቂያ፦ ለአሉሚኒየም ጀልባ እንዳይበሰብስ መድኃኒት የተነከረ እንጨት አትጠቀሙ። ከመድኃኒቱ ብዙው መዳብ አለበት። መዳብና አሉሚኒየም እርጥበት ካገናኛቸው አሉሚኒየሙ ይበላል።

ደረጃ 4፦ ምልክት አድርጉ

ቦታውን በወረቀት ፕላስተር ሸፍኑ። መቀመጫውን አስቀምጡና የቀዳዳዎቹን ቦታ በማርከር ምልክት አድርጉ። ከዚያ አንሱት፣ መልሳችሁ አስቀምጡት፣ ምልክቱ ልክ መሆኑን እዩ። ፕላስተሩን አሁን አታንሱት፤ ፑንታው እንዳይንሸራተትና ቀለሙ እንዳይላጥ ይከላከላል።

ደረጃ 5፦ ብሱ

መነጽር አድርጉ። መጀመሪያ በ3 ሚ.ሜ፣ ቀጥሎ በ6.5 ሚ.ሜ። 6.5 ያልኩት ለ6 ሚ.ሜ ቡሎን ነው፤ ግማሽ ሚሊሜትሯ ለማስቲሹ ቦታ ትሰጣለች። ድሪሉን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙት። ያዘነበለ ቀዳዳ ከሥሩ ካለው ሳህን ጋር አይገጥምም።

አሉሚኒየም፦ ፑንታው በሁለቱም በኩል የሚተወውን ሹል ጠርዝ በሞረድ አንሱ። ብናኙን አንድም ሳታስቀሩ ጥረጉ።

ፋይበርግላስ፦ ላይኛው አንጸባራቂ ሽፋን እንደ ብርጭቆ ይፈነጠራል። ድሪሉን መጀመሪያ በግልባጭ አዙሩት። ፑንታው ሽፋኑን ፈግፍጎ ካለፈ በኋላ ወደ ትክክለኛው ዙር መልሱት። ከዚያ የቀዳዳውን አፍ በማስፊያው ፑንታ በትንሹ አስፉ፤ ትንሽ ጉድጓድ ብቻ ነው የምንፈልገው። ማስቲሹ እዚያ ተጠራቅሞ ቡሎኑን እንደ ጎማ ቀለበት ይከበዋል።

ከቀዳዳው የሚወጣውን ብናኝ እዩት። ነጭና ደረቅ ከሆነ ጠርዙ ሙሉ ፋይበርግላስ ነው። የእንጨት ብናኝ ወይም ፎም ከመጣ ግን መሃሉ ላይ ልብ (በሁለት የፋይበርግላስ ንብርብር መካከል ያለ እንጨት ወይም ፎም) አለው ማለት ነው፤ ቀጣዩን ደረጃ እንዳትዘሉት። ልቡ እንጨት ሆኖ እርጥብና ጠቆር ያለ ብናኝ ከመጣ ከውስጥ በስብሷል፤ ሳይጠገን ምንም ነገር አይገጠምበትም።

ደረጃ 6፦ ልብ ላለው ፋይበርግላስ ብቻ

ያለ ኢፖክሲ ከታሰረ ሁለት ችግር ይመጣል። አንደኛ፣ ቡሎኑ ሲጠብቅ ለስላሳው ልብ ይጨፈለቃል። ሁለተኛ፣ ትንሽ ውሃ ከገባች በልቡ ውስጥ እየተዛመተች፣ እንጨት ከሆነ ከጊዜ በኋላ ታበሰብሰዋለች።

ቀዳዳዎቹን ወደ 12 ሚ.ሜ አስፉ። የታችኛውን አፍ በፕላስተር ድፈኑ። ለኢፖክሲ ማወፈሪያ በተሠራ ዱቄት የተወፈረ ኢፖክሲ እስከ አፉ ሙሉ። በእሽጉ ላይ የተጻፈውን ያህል ጠብቁ፤ ማታ ሞልቶ በማግስቱ መመለስ ነው ጥሩው። ሲጠነክር መሃሉን በ6.5 ሚ.ሜ መልሳችሁ ብሱ። አሁን ቡሎኑ የሚነካው ኢፖክሲ ብቻ ነው።

ደረጃ 7፦ በደረቁ ሞክሩ፣ ከዚያ እሰሩ

ማስቲሽ ሳትቀቡ ሁሉንም ገጥሙ። ቡሎኑ ካነሰ ወይም ከረዘመ የምታውቁት አሁን ነው። የቡሎኑ ርዝመት እንዲህ ይደመራል፦ መቀመጫው 10 ሚ.ሜ፣ ጠርዙ 2፣ ሳህኑ 6፣ ሮንዴላው 2፣ ዳዶው 6፣ ከዳዶው አልፎ የሚታይ ጥርስ 3። በድምሩ 29 ነው፤ 30 ሚ.ሜ ትገዛላችሁ ማለት ነው። የራሳችሁን ለኩ፤ ይህ ምሳሌ ነው። ከናይሎኑ አልፎ ያልወጣ ጥርስ ዳዶውን አይቆልፈውም።

ሁሉም ከገጠመ ፍቱት። ፕላስተሩን አንሱ፣ ቦታውን በአልኮል ጥረጉ። ከዚያ፦

- በየቀዳዳው ዙሪያና በመቀመጫው ሥር ማስቲሽ ቀቡ። ቡሎኑ ከአናቱ ሥርም ይቀባ።
- ቡሎኖቹን አስገቡ፤ ከታች ሳህኑን፣ ሮንዴላውን፣ ዳዶውን።
- ማስቲሹ ዙሪያውን ትንሽ እስኪወጣ ድረስ ብቻ አጥብቁ። እዚህ ላይ አቁሙ።
- በቱቦው ላይ የተጻፈውን ጊዜ ጠብቁ። ማስቲሹ ጎማ መሰል ሲሆን እያንዳንዱን ዳዶ ግማሽ ዙር ያህል ጨምሩ።

ለምን በሁለት ጊዜ? መጀመሪያውኑ ሙሉ በሙሉ ከጠበቀ ማስቲሹ ሁሉ ተጨምቆ ይወጣና ውሃ የሚከላከል ነገር አይቀርም። በሁለተኛው ማጥበቂያ ላይ ደግሞ የቡሎኑን አናት በአንድ ቁልፍ ይዛችሁ ዳዶውን ብቻ አዙሩ። ቡሎኑ ከዞረ የደረቀውን ማስቲሽ ይቀደዋል።

ስቴንለስ ዳዶ በኤሌክትሪክ መፍቻ አታጥብቁ። ስቴንለስ በስቴንለስ ላይ በፍጥነት ሲዞር ይሞቅና ይነካከሳል፤ አንዴ ከነከሰ ቡሎኑን በመጋዝ መቁረጥ ነው። በእጅ፣ ቀስ ብላችሁ፣ ጥርሱን ጠብታ ግሪስ ነካ አድርጋችሁ።

ስለ ሲልከን ሳይነሳ አይታለፍም፤ ቤት ውስጥ ያለው እሱ ስለሆነ ሁሉም የሚያነሳው እሱን ነው። ሲልከን በደንብ አይጣበቅም፣ ቅባቱም ላዩ ላይ ይቀራል። ነገ ልክ የሆነውን ማስቲሽ ልቀባ ብትሉ እሱም አይዝላችሁም። እንደ ብየዳ የሚይዘውን ቋሚ ማጣበቂያም ተዉት፤ አንድ ቀን ትፈቱታላችሁ፣ ያኔ ቀለሙን ይዞ ይነሳል።

ደረጃ 8፦ በኤሌክትሪክ ለሚሠራ

ሽቦውን ከባትሪው በቀጥታ አምጡ፤ ከሲጋራ መለኮሻ ሶኬት አይሆንም። ሞተሩ ክብደት ሲያነሳ ብዙ ከረንት ይስባል፣ ሶኬቱም ይቀልጣል። ፊውዙ አምራቹ በጻፈው መጠን ይሁን፣ በፖዘቲቩ መስመር ላይም ከባትሪው አጠገብ ይቀመጥ። ከባትሪው እስከ ፊውዙ ያለው ሽቦ ጥበቃ የለውም፤ ባጠረ ቁጥር ጥሩ ነው። የሽቦውን ውፍረት ስትመርጡ ርዝመቱን ደርሶ መልስ አስሉ። ቀጭን ሽቦ ከሆነ ዳውንሪገሩ እያቃሰተ ነው የሚያነሳው።

ደረጃ 9፦ ገመድና ክብደት

ገመዱን በፑሌጃው አሳልፉ፣ ጫፉን በቀለበት አዙራችሁ ተጨምቆ በሚይዝ የብረት ቱቦ እሰሩ። ከቱቦው በላይ የጎማ ወይም የፕላስቲክ ማቆሚያ አስገቡ። ያለ እሱ ክብደቱ ሲነሳ ፑሌጃውን ይመታል፤ የተመታ ፑሌጃ ጠርዙ ይሰነጠቅና ሽቦውን ይበላዋል።

ለመጀመር 3 ወይም 4 ኪሎ ይበቃል። ክብደቱ ጀልባው ሲናወጥ እንደ መዶሻ ጎኑን ይደበድባል። ስለዚህ በማትጠቀሙበት ጊዜ ከገመዱ ፍቱት፤ ከወለሉ ላይ እንዳይንከባለል ባልዲ ውስጥ አስቀምጡት።

አሁን ፍሬኑን አስተካክሉ። ክብደቱን አንጠልጥሉ፤ ሳይወርድ እስኪቆም ድረስ አጥብቁ፣ ከዚያ ትንሽ ጨምሩ። ገመዱን በጓንት ያዙና በኃይል ወደ ታች ሳቡ። ከበሮው እየተንሸራተተ ገመድ መልቀቅ አለበት። ካልለቀቀ ከልክ በላይ ጠብቋል። ደረጃ 3 ላይ ያሰላነው 400 ኪሎ እንዳይደርስ የሚከለክለው ይህ መንሸራተት ነው።

ደረጃ 10፦ መሬት ላይ፣ ከዚያ ውሃ ላይ ሞክሩ

ጀልባው መሬት ላይ እያለ ክንዱን ወደ ውጭ አዙሩና ጫፉን በሁለት እጅ ቀስ በቀስ ተጫኑ። ሌላ ሰው ጠርዙን ከሥር ይይ። ላሜራው ከተነፋ ወይም ከተጎነበሰ ሳህኑ አንሷል፤ ትልቅ ቁረጡ። የመቀመጫው መቆለፊያም ይፈተሽ።

ውሃ ላይ የመጀመሪያው ጉዞ ግርጌው ንጹሕ መሆኑን በምታውቁት ቦታ ይሁን፣ በዝግታ የእግር ጉዞ ፍጥነት (በሰዓት 3 ኪ.ሜ አካባቢ)። የገመዱን ማጋደል እዩ። የወረደውን ገመድ የሚለካው ቆጣሪ 20 ሜትር ቢልና ገመዱ 45 ዲግሪ ቢያጋድል፣ ክብደቱ ያለው 14 ሜትር ላይ ነው። ብዙ ሰው "ዓሣ የለም" የሚለው ከዓሣው በላይ እየጎተተ ነው።

ክብደቱ ታች ሲያዝ

ትንሽ ጀልባ የሚገለበጠው እዚህ ላይ ስለሆነ ይህን ክፍል ሁለቴ አንብቡ። ክብደቱ ተይዞ ሞተሩ ወደፊት መግፋቱን ከቀጠለ፣ የጀልባው ጎን ወደ ታች ይሳባል፣ ውሃ ይገባል። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦

1. ሞተሩን ወዲያውኑ ከማርሽ አውጡ። በማርሽ ወደ ኋላ አትሂዱ፤ የላላው ገመድ ማራገቢያው ላይ ይጠመጠማል።
2. ፍሬኑን ልቀቁ፣ ገመዱ ይውጣ።
3. ማንም ወደዚያ ጎን አይምጣ። ሰው ሁሉ ለማየት ይጎርፋል፤ ጀልባውን የሚጨርሰው ያ ነው።
4. ቀስ ብላችሁ ዞራችሁ ከተያዘበት ቦታ አልፋችሁ ከተቃራኒው አቅጣጫ ሞክሩ። ብዙ ጊዜ ይላቀቃል።
5. እምቢ ካለ ወይም ጠርዙ ወደ ውሃው ከተጠጋ ቁረጡ። ፊታችሁን አዙሩ፤ የተወጠረ ሽቦ ሲበጠስ እንደ አለንጋ ይመለሳል።

ፒንሳውን የገዛነው ለአምስተኛው ነው። በክር ታስሮ ከመቀመጫችሁ አጠገብ ይንጠልጠል፤ ዕቃ ሣጥን ሥር ከሆነ የለም ማለት ነው። ክብደቱ ውሃ ውስጥ እስካለ ድረስ ላይፍ ጃኬት አይወልቅም።

መብሳት ለማይቻል ጀልባ

ጀልባው የተከራያችሁት ወይም በአየር የሚነፋ ከሆነ ጠርዙን አትንኩት። ወፍራምና ቀጥ ያለ ጣውላ ከጎን እስከ ጎን አጋድሙ፣ ዳውንሪገሩን ጣውላው ላይ በቡሎን እሰሩ፣ ጣውላውን ደግሞ በሁለቱም ጫፍ በጠንካራ መቆንጠጫ ያዙት። የሚነፋ ጀልባ ከሆነ ጣውላውን የጎን ቱቦው ላይ ሳይሆን ጠንካራው የመቀመጫ ሰሌዳ ወይም የኋላው ግድግዳ ላይ ነው የምታስሩት። የዘንግ መያዣ ቀዳዳ ውስጥ የሚገቡ መቀመጫዎችም አሉ። መያዣው ራሱ በቪቴ ብቻ ከተያዘ ግን መጀመሪያ ወደ ጠየቃችሁኝ ጥያቄ ተመለስን።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

- ክንዱ ከፍ እንዲል ከመቀመጫው ሥር ማማ መሥራት። ከፍታ በጨመረ ቁጥር የመንቀያው ኃይል ይጨምራል።
- ተራ ብረት ቡሎን መጠቀም። ዝገቱ ቀለሙን ከማቆሸሹ በፊት ከውስጥ ቀጥኗል።
- በጨዋማ ውሃ ላይ ስቴንለሱን ያለ ማስቲሽ አሉሚኒየም ላይ ማሰር። ቀዳዳው ዙሪያ ነጭ ዱቄት ካያችሁ አሉሚኒየሙ እየተበላ ነው፤ ፍቱት፣ አጽዱት፣ ቀብታችሁ መልሱት።
- ክንዱን ወደ ውስጥ ሳያዞሩ ወደ ማቆሚያው መጠጋት። ክንዱ ምሰሶ ሲመታ የሚሰበረው ምሰሶው አይደለም።
- ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላ ዳዶዎቹን አለማየት። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ጉዞዎች ሳህኑ ትንሽ ይቀመጣል። እጃችሁን ከሥር አስገቡና እያንዳንዱን በቁልፍ ነካ አድርጉ፤ የላላውን፣ የቡሎኑን አናት ይዛችሁ፣ አጥብቁት።